ጠርዛቸው ቢጫ የሆነ ስላይዶች

ሰኞ 3

ይህን ደብተር የገዛሁት የላብራቶሪው ደብተር ላይ የማይጻፍ ነገር ስለበዛብኝ ነው። እዚያ ላይ "አስጠላኝ" ብሎ መጻፍ አይቻልም። ቀን፣ መጠን፣ ፊርማ፣ በቃ።

እኛ ላብራቶሪ ለካላዛር፣ ጣፊያ ለሚያሳብጠው የበረሃ በሽታ፣ የሚዋጥ መድኃኒት ነው የምንፈልገው። ያለው መርፌ በየቀኑ ለሠላሳ ቀን ይወጋል፣ መቀመጫ ያሳብጣል፣ ልብ ያደክማል። ታማሚው ከበሽታው ይልቅ መርፌውን ይፈራል። በስድስት ዓመት አርባ ውህድ ሞክረን አርባውንም ቀብረናል። አርባ አንደኛው እንደ እርድ ቢጫ ነው። የአይጦቹን ሽንት ሳይቀር ቢጫ አድርጎታል። የእንስሳት ክፍሉ ሰውዬ "ሰጋቱራዬን አበላሻችሁብኝ" እያለ ሲነጫነጭ ይውላል።

የኔ ሥራ መቁጠር ነው። የአይጡ ጉበት ስላይድ በምንለው ቀጭን መስታወት ላይ ይታተማል፣ ቀለም ይነከራል፣ እኔ በማይክሮስኮፕ ከሺህ የጉበት ሴል መሃል ስንት ተውሳክ እንዳለ እቆጥራለሁ። ተውሳኩ ውስጡ ሁለት ነጥብ አለው፣ አንድ ትልቅ፣ አንድ ትንሽ። ሁለቱም ካልታዩ የቀለም ቅንጣት ነው ተብሎ ይታለፋል። የትኛው አይጥ መድኃኒቱን፣ የትኛው ባዶ ውሃ እንደጠጣ እንዳላውቅ ደግሞ እትዬ የስላይዱን ምልክት ፍቀው በራሳቸው ቁጥር ይተኩታል። እትዬ እኔ ፊደል ሳልቆጥር እዚህ ቤት የገቡ ቴክኒሻን ናቸው።

የመጀመሪያው ሳጥን ዛሬ አለቀ። የእትዬ ቁጥር ተፈቶ ሲታይ መድኃኒቱን የጠጡት ላይ ተውሳኩ በሰማንያ ሁለት ከመቶ ቀንሷል! በስድስት ዓመት እንዲህ ያለ ነገር አላየንም።

አለቃችን ሮጦ መጥቶ ትከሻዬን ጨበጠኝ። "ይሄ ዓይን ወርቅ ነው!" ለሁሉም ነገር "ምን ችግር አለው" ስለሚል ምንችግሬ ነው የምንለው። እጁ ሁልጊዜ ላብ ነው። ሲሄድ ትከሻዬን ሁለቴ አራገፍኩ። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ደብተር ላይ ግን አንተ ነው፣ ምን ያመጣል።

ደስ ብሎኛል ግን። ለምን ልዋሽ። ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም ወርቅ ብሎኝ አያውቅም።

ሐሙስ 6

ሁለተኛው ሳጥን፣ ሃያ ስላይድ። አሥራ አንዱን ጨረስኩ፣ ዓይኔ ደም መስሏል። እንደ ባለፈው ሳጥን ሁሉ አንዳንዱ ጠርዙ ላይ ቢጫ ነገር ይዟል። እትዬ ደህና አላጠቡትም መሰለኝ። ጠርዝ ላይ ስለማንቆጥር ምንም አይደል።

ምሳ ላይ ምንችግሬ በስላይድ ጥግ ጥርሱን ሲጎረጉር አየሁት። በስላይድ! አፍጥጬ ሳየው "አዲስ እኮ ነው" አለኝ። ጎርጉሮ ጎርጉሮ ያወጣውን አይቶ፣ መልሶ በላው። ምሳዬን ትቼው ተነሳሁ።

ማክሰኞ 11

ሁለተኛው ሳጥን ሰባ ዘጠኝ ከመቶ። ስብሰባ። ፎቶ። የሰው ጋዋን አልብሰው ማይክሮስኮፕ ላይ አስጎነበሱኝ፣ መብራቱ እንኳ አልበራም።

ምንችግሬን ኮሪደሩ ላይ ስልክ ሲያወራ ሰማሁት። "ሰማንያ በለው ባክህ፣ ሰማንያ ለጆሮ ይጥማል።" ሰባ ዘጠኝ ነው ብዬ በእጄ ጽፌ ሰጥቼዋለሁ። ለአንድ ቁጥር የሚዋሽ ሰው ምን አይዋሽም? ዓይን አውጣ። ቆሽቴ አርሮ ዋለ።

ረቡዕ 19

ወንድሜ መጣ። ታናሼ ነው፣ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ሥራው በረሃ ለበረሃ ነው። አምና ካላዛር ይዞት ሠላሳውንም መርፌ ተወግቶ ድኖ ነበር። አገርሽቶበታል። በሩን ስከፍት እግሩ እንደ ሸምበቆ ቀጥኖ፣ ሆዱ ብቻ ቀድሞት ቆሟል።

"እታለም፣ ልወልድ ሁለት ወር ነው የቀረኝ" አለኝ። ሳቅሁ፣ ከዚያ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። ጣፊያው እምብርቱን አልፏል፣ በእጄ ዳስሼዋለሁ።

እማዬ ደወለች። "አንቺ እያለሽ ልጄ ይሙትብኝ?" ነው የምትለው። እኔ ምንድን ነኝ፣ ቆጣሪ እኮ ነኝ።

ሾርባ አልበላም አለኝ። የመርፌውን ስም ስጠራበት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። "ከዚያ መርፌ ሞት ይሻለኛል፣ የምሬን ነው።" ስለ አርባ አንዱ ነገርኩት። በክኒን ትድናለህ አልኩት። ሳህኑን ጨረሰ። ለማስበላት ያህል ነው ያልኩት፤ ለታመመ ሰው የማይባል ነገር የለም።

እሑድ 23

ሶፋው ላይ ነው የሚተኛው። ትኩሳቱ ሲለቀው ላብ ያጠምቀዋል፣ አንሶላው ይሸታል፣ ቤቱ ይሸታል። ዛሬ ጠዋት አስታወከ። ጨርቁን ያነሳሁት በሁለት ጣቴ ነው። ቀና ስል እያየኝ ነው።

"ጓንት አድርጊ እታለም፣ አይከፋኝም።"

የማላውቀውን አይጥ ሆድ ዕቃ በባዶ እጄ ስነካ የኖርኩ ሰው፣ የእናቴን ልጅ ተጸየፍኩ። ጨርቁን በእጄ አጠብኩት፣ ሦስት ጊዜ። ለእሱ ሳይሆን ለራሴ ነው ያጠብኩት።

ሰኞ 24

ሦስተኛው ሳጥን፣ የመጨረሻው። እትዬ አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

"አንቺ ልጅ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ሳታስቀምጪው በፊት እያንዳንዱን ወደ መስኮት አንስተሽ የምታይው ምኑን ነው?"

"አቧራ እንዳይኖረው ነው እትዬ።"

"እ" አሉ። እየተጎተቱ ሄዱ።

ማንን ነው የሚሰልሉት? ሠላሳ ዓመት አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሥራው ሰው መጠበቅ ይሆናል።

ዓርብ 28

ሦስቱም ሳጥን ሲደመር ሰማንያ። ለምንችግሬ ጆሮ ጣመለት። ሰው ላይ ልንሞክረው ነው። ክኒኑ ተዘጋጅቷል፣ አሥራ ሁለት ታማሚ ይመረጣል፣ ለስድስት ሳምንት ሌላ መድኃኒት ሳይወስዱ እሱን ብቻ ይውጣሉ። የቀረው የገምጋሚዎቹ ኮሚቴ ነው፣ በሚመጣው ወር በአሥራ አምስት ይቀመጣል።

ስለ ወንድሜ ነገርኩት። ደንቡ የሠራተኛ ዘመድ አይገባም ይላል። "ምን ችግር አለው! የአባቱን ስም ማን ያመሳክራል?" አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩት። ያንን ላባም እጅ በሁለት እጄ ጨበጥኩት፣ ጎንበስ ብዬ። ራሴን ከላይ ሆኜ ሳየው አስጠላኝ።

ወንድሜ ሲሰማ ግን እንደ ልጅ ዘለለ፣ ጣፊያው እስኪያመው።

ሰኞ፣ ወር ባተ፣ 1

እትዬ ሳይጠይቁኝ አሥር ስላይድ ወስደው ራሳቸው ቆጥረዋል። መጀመሪያ ጠርዙን በአልኮል ጠርገው ነው። ወረቀቱን ከቦርሳዬ ሥር አስቀመጡልኝ። ቢጫ ያልነበራቸው አምስቱ ላይ ያልኩትን ብለዋል፣ እንዲያውም ከእኔ ትንሽ ያነሰ ነው። ቢጫ የነበራቸው አምስቱ ላይ ግን የእሳቸው ቁጥር የኔን ሦስት እጥፍ ነው።

"አጠራጣሪውን ምን ታደርጊዋለሽ?" አሉኝ።

"ሁለት ነጥብ ካልታየኝ አልቆጥርም።"

"ለሁሉም?"

"ለሁሉም።"

"ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ" ብለው ጓንታቸውን አወለቁ።

ዓይናቸው ደክሟል። ጡረታቸው በዚህ ዓመት ነው። መነጽራቸውንም ከቀየሩ ስንት ዘመናቸው። አሥር ስላይድ ደግሞ ምን ይናገራል? ቅናት ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ሐሙስ 4

ወንድሜ ጢሙን ተላጨ። ደም ሰጥቷል፣ ተመዝኗል፣ በውሸት የአባት ስም ፈርሟል። እየዘፈነ ሸሚዙን ሲተኩስ አገኘሁት።



ቅዳሜ 6

ዛሬ ሥራ የለም ብዬ አርፍጄ ተነሳሁ፣ ግን እቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ላብራቶሪ ሄድኩ። እትዬ እዚያው ናቸው፣ ቅዳሜም አይቀሩም፣ ሎሚ እየላጡ ሬዲዮ ይሰማሉ።

"ስድሳውንም ጠርዙን ይጥረጉልኝ፣ እንደ አዲስ ቁጥር ይስጡልኝ" አልኳቸው።

"ስድሳውንም?"

"ስድሳውንም።"

ሬዲዮውን ዘጉ። እሳቸው ሲጠርጉ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሜ ነበር፣ እንደተቀጣ ተማሪ።

አሁን ሰዓቱ አራት ነው፣ ወንድሜ ተኝቷል፣ ስለዚህ ልጻፈው። እኔ አንድም ቁጥር ፈጥሬ አላውቅም። ይሄን የሚለኝ ካለ አንላቀቅም። ግን ቢጫው የመድኃኒቱ መሆኑን አውቃለሁ። የትኛውም ሞኝ ያውቀዋል፣ የአይጡን ሽንት ያየ ሁሉ ያውቀዋል። መስኮት ላይ አንስቼ ቢጫውን ሳየው፣ በደንብ ያልታየው ነጥብ ሁሉ የቀለም ቅንጣት ይሆንብኛል። ቢጫ የሌለውን ሳይ ደግሞ ያው ነጥብ ተውሳክ ይሆናል። እጄ አይደለም፣ ዓይኔ ነው። በአንድ ስላይድ አርባ ሃምሳ አጠራጣሪ አለ። እያንዳንዱ ላይ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ነገር ነው የማደርገው።

ለወንድሜ ብዬ ነው። እህት ነኝ፣ ምን ላድርግ? እንዲድንልኝ የፈለግኩ ዓይን ነው። ማንም በኔ ቦታ ቢሆን ያው ነው።

ማክሰኞ 9

ሦስት ቀን ቆጠርኩ። ሠላሳ አንድ።

ሠላሳ አንድ ከመቶ ማለት መድኃኒት አይደለም፣ አይጡ ትንሽ ዘግይቶ ይሞታል ማለት ነው። ወንድሜ ስድስት ሳምንት ያን ክኒን እየዋጠ ያለ መርፌ ከተቀመጠ ይሞትብኛል። አሥራ ሁለቱም እንደዚያው። እትዬ ወረቀቱን አይተው የላጡትን ሎሚ ግማሹን ሰጡኝ። በላሁት፣ እንደ ሬት መረረኝ።

ረቡዕ 10

ነገርኩት። ምንችግሬ በሩን ዘጋው። ይቆጣል ብዬ ነበር፣ ወንበር ሳበልኝ።

"ቢጫውን እኔ ያላየሁት ይመስልሻል?"

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

"የመጀመሪያው ሳጥን ላይ አይቼዋለሁ። ሁሉም እንደዚህ ነው የሚቆጥረው፣ አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ ዓይን ያለሽ? አርባ ውህድ ቀብረን ቤቱ ሊዘጋ ነበር። አሮጊቷ ቢቆጥሩት ይሄም ተቀብሮ ነበር። ለዚህ እኮ ነው አንቺን ያስቀመጥኩሽ።"

"አሥራ ሁለት ሰው ነው" አልኩ።

"ሰው ላይ ካልሠራ ያኔ ይታያል። ምን ችግር አለው? ሐኪም አለ፣ አልጋ አለ።" ቀጠለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ወንድምሽንስ? ከዝርዝሩ ላውጣው?"

ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ተነስቼ ፊቱ ላይ እንትፍ ማለት ሲገባኝ፣ ዝም አልኩ፣ እሱም ዝምታዬን እሺ ብሎ ወሰደው። ስወጣ በሩን ከፈተልኝ።

መርጦኛል። ስድስት ዓመት አብሬው ስሠራ የመረጠልኝ ሥራ ይሄ ነው፣ ማየት የሚፈልገውን የምታይ ሴት። ወርቅ ዓይን!

እሑድ 14

ነገ ኮሚቴው ነው። ለወንድሜ አልነገርኩትም። ሦስቴ ጀምሬ ተውኩት።

በረንዳ ላይ ሆኖ ከሾፌር ጓደኛው ጋር ሲያወራ ሰማሁ። "እህቴ ራሷ ናት የሠራችው። በአፍ ነው የሚዋጥ። አንተም ና፣ እሷ ታስገባሃለች።" ጓደኛውም ታሟል ማለት ነው። የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ እማዬ ድሮ ስትለው አይገባኝም ነበር።

ዝም ብል ማን ያውቃል? እትዬ በሁለት ወር ይወጣሉ። ወንድሜን በድብቅ መርፌ አስወጋዋለሁ፣ ክኒኑን እየዋጠ። እሱ ይድናል፣ ሁሉም ክኒኑ አዳነው ይላል። ይሄን ሐሳብ ሻይ እየጠጣሁ አሰብኩት፣ እስከ መጨረሻው፣ ሐኪሙን ሳይቀር መርጬ። የቀሩት አሥራ አንዱ ትዝ ያሉኝ ሻዩ ካለቀ በኋላ ነው።

ሰኞ 15

በአጭሩ።

ረጅም ጠረጴዛ፣ ሰባት ሰው። ምንችግሬ ሰማንያውን በትልቁ ግድግዳ ላይ አሳየ። አንድ ሽማግሌ ሐኪም መነጽራቸውን አውልቀው "ማን ነው የቆጠረው?" አሉ።

"እኔ ነኝ።"

"የትኛው ከየትኛው እንደሆነ ታውቂ ነበር?"

ምንችግሬ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

"አውቅ ነበር" አልኩ። እትዬ ከኋላ ተነስተው ሁለቱንም ወረቀት፣ ሰማንያውንና ሠላሳ አንዱን፣ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡ። የዝርዝሩንም ነገር ጨመርኩ፣ የወንድሜንም የውሸት ስም። ከዚያ ውጪ አሉኝ።

ሰው ላይ ሊደረግ የነበረው ሙከራ ታገደ።

ሐሙስ 18

ለወንድሜ ነገርኩት። ቆጠራው ተበላሽቷል፣ ክኒኑ አይሠራም፣ ነገ መርፌው ይጀመራል፣ በዚህኛው ዙር አርባ ቀን ነው አልኩት። ጮኸ። የመርፌውን ሳይሆን የኔን ስም እየጠራ ነው የጮኸው። ከዚያ ደከመውና ተቀመጠ፣ ጫማውን እንዳስርለት እግሩን ዘረጋልኝ።

እማዬ ስልኬን አታነሳም።

ማክሰኞ 23

ደብዳቤ ደረሰኝ። "ስህተቱ የቆጣሪዋ ነው" ይላል፣ ከሥራ ታግጃለሁ። ፊርማው የምንችግሬ ነው። እሱ ወንበሩ ላይ አለ። ቢጫውን አይቼዋለሁ ያለኝን ለኮሚቴው ጽፌ ነበር፣ "ማስረጃ የለም" አሉኝ። እውነትም የለም፣ በሩን የዘጋው ለዚህ ነበር። እትዬ እንደነገሩኝ አርባ ሁለተኛውን ጀምሯል፣ ነጭ ነው አሉ።

ቢሆንም አንድ ነገር ያጽናናኛል፦ ያጠፋሁት ለወንድሜ ብዬ ነው፣ ያቆምኩትም ለእሱው ብዬ ነው።

ማክሰኞ 30

ዛሬ አሥራ ሁለተኛው መርፌ ነው። ክፍሉ ስድስት አልጋ አለው፣ ከመስኮቱ ወዲህ ያለው የእሱ ነው። በጎኑ ነው የሚተኛው፣ መቀመጫው አብጦ አያስተኛውም። ትኩሳቱ ግን ለቆታል፣ ጣፊያውም ሁለት ጣት ያህል ወርዷል ብላለች ነርሷ። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ከሰላምታ በቀር አላናገረኝም። ዛሬ ብርቱካን ስልጥለት ራሱ ጀመረ።

"ያን ቢጫ ነገር እያየሽ መቁጠር የጀመርሽው መቼ ነው?"

ስለ አንተ ብዬ እኮ ነው ልለው ተዘጋጅቼ ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ነበር፣ ለብዙ ቀን ስለማመደው ከርሜያለሁ።

"ከመጀመሪያው ሳጥን" አልኩት።

"እኔ ቤትሽ ስመጣ ስንተኛው ላይ ነበርሽ?"

ብርቱካኑን አስቀመጥኩት። "ሁለቱ አልቀው ነበር።"

"እንደገና መታመሜን ታውቂ ነበር ያኔ?"

"አላውቅም ነበር።"

ከጎን ያለው ታማሚ የሰማ እንዳይመስል ፊቱን አዞረ።

"ታዲያ ለማን ብለሽ ነው እታለም?"

ነርሷ ትሪውን ይዛ ገባች። ወንድሜ ሸሚዙን ወደ ላይ ሰበሰበና በሆዱ ተገለበጠ። ፊቱ ትራሱ ውስጥ ነው።

"ለራሴ" አልኩት።

"በይ ውጪ" አለኝ፣ "ስወጋ እንዳታዪኝ።"